ባኞ ውስጥ የበቀለው ሰላጣ

«አሮጊቷ በሳፋ መታጠብ ትችላለች፤ ሰላጣው ግን ሳፋ አይበቃውም።»

እማማ ዝላታ ይህን የሰሙት ጠዋት፣ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ካልሲያቸውን እያጠለቁ ሳለ ነው። ተናጋሪው የልጃቸው ባል ቬሰሊን ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጓደኛውን ሚትኮን በስልክ ያወራል። በእኛ ብሎክ ግድግዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ላይኛው ፎቅ ላይ ሰው ሲያስነጥስ ታችኛው ፎቅ ላይ «ይማርህ» ይባላል። ቬሰሊን ደግሞ የሩሴን ከተማ ከዳር እስከ ዳር በኤሌክትሪክ ሽቦ በሚሄድ ትሮሊ አውቶቡስ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ከጡረታ በኋላም አልሆነለትም። እማማ ዝላታ አንዱን ካልሲ አጥልቀው ሌላውን በእጃቸው እንደያዙ ቆዩ። ሰው ስለ ራሱ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ወይ ይቆጣል ወይ ያለቅሳል፤ እሳቸው ግን መጀመሪያ ያሰቡት ነገሩ እውነት መሆን አለመሆኑን ነው። እውነት ነው። ሰላጣው ባኞው ውስጥ ከገባ አንድ ወር አልፎታል፤ እሳቸውም በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ሳፋ ከፊታቸው አድርገው፣ አንገታቸውንና ብብታቸውን በፎጣ እየጠረጉ አንድ ወር አልፏቸዋል።

ቬሰሊን ጡረታ የወጣው በረዶው ገና ሳይቀልጥ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን መስኮት ስር ተቀምጦ የሚያልፉትን አውቶቡሶች እየቆጠረ፣ የዘገየ ሲያይ ሾፌሩ ዘንድ እየደወለ «ምን ነክቶህ ነው?» ይል ነበር። ሾፌሮቹ ስልኩን ማንሳት ሲያቆሙ ስልኩ ላይ ቪዲዮ ማየት ጀመረ። እዚያ ነው ያለ አፈር ሰላጣ የሚያሳድግ አንድ ጺማም ሰውዬ ያገኘው። ሰውዬው ነጭ የፎም ሰሌዳ ላይ ቀዳዳ በስቶ፣ በየቀዳዳው ትንንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ሰክቶ፣ ሰሌዳውን ውሃ ላይ አንሳፎ፣ ሥሩ ወደ ታች ቅጠሉ ወደ ላይ ሲያድግ ያሳያል። ቬሰሊን ይህን እያየ እራት ቀዘቀዘበት። በማግስቱ ፎሙን ከኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ጓሮ ለምኖ አመጣ፤ ጠጠሩን፣ ፈሳሽ ማዳበሪያውን፣ ለዓሣ ገንዳ የሚሸጠውን የአየር መንፊያና ሐምራዊ ብርሃን የሚሰጠውን አምፖል ደግሞ ገዛ። ዘሩን እርጥብ ስፖንጅ ላይ አብቅሎ፣ ችግኙ ቅጠል ሲያወጣ የት ላድርገው አለ። በረንዳው ገና ይበርዳል። ወጥ ቤቱን ሚስቱ ጾንካ ከለከለች። የቀረው ባኞው ነበር። «ለጊዜው ነው» አለ ቬሰሊን። ጾንካ ቀኑን ሙሉ ልብስ ማጠቢያና መተኮሻ ቤት ቆማ ውላ እግሯ አብጦ የምትመጣ ሴት ናት፤ የዚያን ቀን ማታም ኮቷን ሳታወልቅ ባኞውን ለጥቂት ጊዜ አየችው፣ «እሺ» አለች፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ከዚያ ወዲህ እሷና ባሏ የሻወሩን ጎማ ይዘው ከባኞው አጠገብ፣ ንጣፉ ላይ ቆመው ይታጠባሉ። እማማ ዝላታ ግን ባለፈው መከር ከፕሪም ዛፍ መሰላል ወድቀው ዳሌያቸው ስለተሰበረ እርጥብ ንጣፍ ላይ መቆም አይሆንላቸውም። ከመንደራቸው ተነስተው ልጃቸው ቤት የገቡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንደ ሌላው ቀን ቢሆን ሁለተኛውን ካልሲ አጥልቀው ነገሩን ይተውት ነበር። ግን በማግስቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነው። የልጅ ልጃቸው ገርጋና፣ ስሟም ከቅዱሱ የተወሰደ ስለሆነ በዓሉ የእሷም በዓል ነው፣ ከሶፊያ እጮኛዋን ይዛ ትመጣለች፤ የእጮኛዋ እናትና አባትም ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ይመጣሉ። ጠቦት ይጠበሳል። ከጠቦቱ ጋር የፀደይ ሰላጣ ካልቀረበ ደግሞ ምሳው ምሳ አይባልም፤ ቬሰሊን ለአንድ ወር ሙሉ ለብሎኩ ሰው ሁሉ በአሳንሰር ውስጥ ሲናገር የከረመው የነገውን ሰላጣ ነው።

እማማ ዝላታ ወጥ ቤት ሲገቡ እሱ ቆሞ ቡናውን ይጠጣል። ጾንካ ቀድማ ወደ ሥራ ሄዳለች። እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ እርጎውን ከፈቱ፣ ማንኪያውን ፈለጉ፣ አገኙት፣ ከዚያ በኋላ ነው የተናገሩት።

«ለነገ ገላዬን መታጠብ አለብኝ።»

«ይታጠቡ እንጂ እማማ። ውሃ ላሙቅልዎ?»

«በሳፋ አይደለም።»

ቬሰሊን ስኒውን አስቀመጠ። «አንድ ቀን ብቻ ይታገሡኝ። ነገ ጠዋት እቆርጠዋለሁ፣ ከዚያ ባኞው የእርስዎ ነው።»

«ነገ ጠዋት እንግዳ በር ሲያንኳኳ እኔ ባኞ ውስጥ ልሁን?»

«ከሰዓት በኋላ ይታጠባሉ።»

«እንግዳው ከሄደ በኋላ ለማን ብዬ ነው የምታጠበው?»

ቬሰሊን ሰዓቱን አየ፤ ሚትኮ ከታች መኪናውን አስነስቶ ይጠብቀዋል፣ ከከተማ ወጥተው ከአንድ እረኛ ጠቦት ሊያመጡ ነው። «ዛሬ ማታ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» አለና ከመውጣቱ በፊት መታጠቢያ ቤቱን ከፍቶ ገባ። እማማ ዝላታ ከወጥ ቤት ሆነው ይሰሙታል። «እንደምን አደራችሁ» አለ። ለሰላጣዎቹ ነው። ለእሳቸው እንደምን አደሩ እንዳላላቸው ያስታወሱት ያኔ ነው።

በሩ ከተዘጋ በኋላ እርጎውን ጨርሰው፣ ሳህኑን አጥበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ሄዱና መታጠቢያ ቤቱን ከፈቱት። ሐምራዊው ብርሃን ፊታቸውን መታቸው። ቬሰሊን የጣሪያውን አምፖል አውጥቶ የራሱን ስለተከለበት እዚያ ቤት ሌላ መብራት የለም፤ ነጩ ፎጣ ሐምራዊ፣ ነጩ ሳሙና ሐምራዊ፣ የሰው እጅም የሬሳ እጅ መስሎ ይታያል። ባኞው ውስጥ አየሩ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሰላጣዎቹ ነጩን ሰሌዳ እስከማይታይ ድረስ ሸፍነው፣ ጥቅጥቅ ብለው፣ ጠግበው ተቀምጠዋል። እማማ ዝላታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰላጣ ሲተክሉ ኖረዋል፣ እንደዚህ የፋፋ ግን አላሳደጉም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አናደዳቸው። ውሃቸው ለብ ያለ ነው፤ ቴርሞሜትር ተነክሮበት ጠዋትና ማታ ይለካል። የእማማ ዝላታን ሙቀት ግን ከሆስፒታል ከወጡ ወዲህ የለካ ሰው የለም። አንዱን ቅጠል በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ተመቻችሁ» አሏቸውና በሩን ሳይዘጉ ተመለሱ።

ፊት ለፊት ያለው በር የፊልካ ነው። ፊልካ ስንት ትውልድ ሒሳብ ያስተማረች፣ አሁን ብቻዋን የምትኖር፣ ነገር ሲጀመር የማያመልጣት ሴት ናት። በሯን ከመንኳኳቱ በፊት ነው የከፈተችው ማለት ይቻላል። እማማ ዝላታ በስልክ ሲወራ የሰሙትን ቃል በቃል ነገሯት። ፊልካ ሽርጧን እያወለቀች ሰማች።

«እኔ ጋ ይታጠቡ እትዬ ዝላታ። ሻወር አለኝ፣ ወንበር አስገባልዎታለሁ።»

«ልጄ ቤት ባኞ እያለ የጎረቤት ሻወር ልለምን?»

«ጎረቤት አልሆንም፣ እህት ነኝ።»

«እህት ነሽ። ባኞው ግን የልጄ ነው።»

ፊልካ ይህን ክርክር እንደማታሸንፍ ቶሎ ገባት። የተሰጣትን ችግር በምትችለው መንገድ ማየት ጀመረች፤ እማማ ዝላታን ተከትላ መጥታ፣ የእነሱ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ቆማ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰላጣውን ቃኘችው። መጣል አይሆንም፤ ነገ ይበላል። ሳፋ ውስጥ መዘፍዘፍም አይሆንም፤ ሥሩ እርስ በርሱ ይታነቃል። አንዱን ኩባያ ከቀዳዳው መዘዝ አድርጋ ብታወጣው ሥሩ እንደ ሽማግሌ ጺም ነጭ ሆኖ ረዘመና ውሃ እያንጠባጠበ ወለሉ ላይ ደረሰ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት።

«አፈር የማያውቅ ሥር» አሉ እማማ ዝላታ። «ያሳዝናል።»

«ያሳዝናል፣ ግን የሚያርፍበት ይፈልጋል። ጠርሙስ የላችሁም?»

ጠርሙስማ የሌለው ቤት የት አለ? በረንዳው ላይ፣ ከአሮጌው ማቀዝቀዣ ጀርባ፣ ጾንካ ለመከር የቃሪያ ስልስ የምታሽግባቸው አፈ ሰፊ ጠርሙሶች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ፊልካ በካርቶን እየሞላች አመጣቻቸው። እማማ ዝላታ በርጩማቸው ላይ ሆነው እያንዳንዱን ከባኞው ውሃ ይሞላሉ፤ ሰላጣው የለመደውን ውሃ እንዳያጣ ያሉት እሳቸው ናቸው፣ ቢጠሉትም ጨካኝ አይደሉም። ፊልካ ኩባያውን ከነሥሩ አንስታ ጠርሙሱ አፍ ላይ ትሰካለች። ልክክ ይላል። መጀመሪያ የኮሪደሩን ወለል ሞሉ፣ ቀጥሎ የሳሎኑን መስኮት፣ ቀጥሎ ጠረጴዛውን። ከዚያ መጽሐፍ መደርደሪያው፣ የጫማ ሳጥኑ፣ የቬሰሊን አልጋ ራስጌ። አንዱን ቴሌቪዥኑ ላይ ያስቀመጡት ቦታ ጠፍቶ ነው፤ ሁለተኛውን ግን ለማማሩ ነው።

ሥራው ሊገባደድ ሲል አንዱ ከፊልካ እጅ አምልጦ ወደቀና ከአንገቱ ተቀነጠሰ። ፊልካ ደነገጠች። እማማ ዝላታ ግን አነሱት፣ ቅጠሉን ገነጣጠሉት፣ ወጥ ቤት ገብተው ጨው ነስነስ አደረጉበት።

«እንቅመሰው። ከሞተ በኋላ ማን ይጠይቃል?»

ቆመው በሉ። እማማ ዝላታ ዓይናቸውን ጨፍነው አኘኩ፣ ለመፍረድ ነው። «ውሃ ውሃ ይላል» አሉ። ሌላ ቅጠል ጎረሱ። «ጣዕሙ ከሩቅ ነው የሚመጣው።» ሌላ ጎረሱ። ፊልካ እጇን ወደ ሳህኑ ስትዘረጋ ሳህኑ ባዶ ነበር።

ባኞውን በሶዳ ፈግፍገው አጠቡት፤ ውሃውም እየሞቀ መጣ። መንፊያው ተነቅሎ ስለነበር ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ መብራቱ ግን ያው ሐምራዊው ነው፣ ሌላ የለም። ፊልካ እማማ ዝላታን ደግፋ፣ በርጩማውን እንደ መወጣጫ አድርጋ፣ «ቀኝ እግር፣ አሁን ግራ፣ ይያዙኝ» እያለች አስገባቻቸው። አዛውንቷ ውሃው ውስጥ ቀስ ብለው ሲቀመጡ ከጉሮሯቸው የወጣው ድምፅ ምን እንደሆነ ፊልካ ራሷ በኋላ ስታወራልን መግለጽ አቅቷት ነበር። «ሩብ ሰዓት ቆይቼ እመጣለሁ፣ ባቄላዬን ጥጄ ነው የመጣሁት» ብላ ወጣች። መታጠቢያ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ከባኞው ሳይነሱ እጅ ቢዘረጉ በሩ ይደረሳል። እማማ ዝላታ እጃቸውን ዘርግተው መቀርቀሪያውን ቆለፉት። ለምን እንደቆለፉት ሲጠየቁ «ሰው ሲታጠብ ይቆልፋል» ብቻ ነው ያሉት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የማንም አልነበረም። ጀርባቸውን አስደግፈው ተዘረጉ። ያች ሁልጊዜ እንደ ቁርጥማት የምትይዛቸው ዳሌ በሙቀቱ ውስጥ ለቀቅ አለቻቸው። ጸጉራቸውን ፈትተው በሳሙና አሹት፣ አለቀለቁት፣ ደግመው አሹት። ጉልበታቸው ከውሃው ወጥቶ ሐምራዊ ሆኖ ሲታያቸው ብቻቸውን ሳቁ። ነገ የሚመጡትን እንግዶች አሰቡ፤ የእጮኛው እናት ከሶፊያ ስለሆነች ሽቶ ትቀባ ይሆናል፤ ትቀባ፣ እሳቸውም ከሳሙና ሽታ ጋር ይሳሟታል። ውሃው ሲቀዘቅዝ ሙቅ ይጨምራሉ። ፊልካ ግን አልመጣችም። ባቄላዋን ስታማስል እህቷ ከቫርና ደውላላት ነበር፤ እነዚያ ሁለት እህትማማቾች ስልክ ላይ ከተገናኙ ደግሞ ዓለም ቢቃጠል አይሰሙም።

እማማ ዝላታ ልነሳ አሉ። የባኞውን ጠርዝ በሁለት እጃቸው ይዘው ገፉ፤ እግራቸው ተንሸራተተ፣ ቡጭ ብለው ተመለሱ። ደግመው ሞከሩ። በሦስተኛው ሙከራ መቀመጫቸው ከባኞው ወለል አንድ ጣት ያህል ተነስቶ ተመለሰ። ሰላጣው ከመምጣቱ በፊት ባኞው ላይ በተጋደመ ሳንቃ ተቀምጠው ነበር የሚታጠቡት፣ ጾንካ እጃቸውን ይዛ፤ ዛሬ ግን እስከ አንገታቸው መነከር አምሯቸው ነው። «ፊልካ» ብለው ጮክ ብለው ተጣሩ። በላይኛው ፎቅ ያለ ውሻ ጮኸ። የውጭው በር ቁልፍ ሲንቀጫቀጭ የሰሙት ይህን ጊዜ ነው፤ አረማመዱ ግን የፊልካ አልነበረም።

ቬሰሊን የጠቦቱን ሥጋ በትከሻው ተሸክሞ ገባና ኮሪደሩ ላይ ደርቆ ቀረ። እማማ ዝላታ ከውስጥ ሆነው እርምጃውን ያዳምጣሉ። ሁለት እርምጃ ተራመደ፤ ቆመ። ሳሎን ገባ፤ ቆየ። መኝታ ቤት ገባ። ከዚያ መጣና ከበሩ ውጭ ቆመ።

«እማማ፣ እዚያ ውስጥ ነዎት?»

«ነኝ።»

«ሰላጣው ሳሎን ነው ያለው።»

«አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።»

«ቴሌቪዥኑ ላይ ሳይቀር አለ።»

«መስኮቱ ሞላብን።»

«ሞላብን? ከማን ጋር ሆነው ነው?»

«ከፊልካ ጋር።»

ቬሰሊን በረዥሙ ተነፈሰ። «ይቺ ሴትዮ ስምንተኛ ክፍል እያለሁም ጥላኛለች» አለ ለራሱ። ሥጋውን ወለሉ ላይ ሲያስቀምጠው ተሰማ። ከዚያ «አንድ ጎድሏል» አለ። እያንዳንዱን ያውቀዋል ማለት ነው።

«ወድቆ ተሰበረ። በላነው።»

እማማ ዝላታ ስድቡን ለመቀበል ራሳቸውን አዘጋጁ፣ መልሳቸውንም አሰናዱ። ከበሩ ጀርባ የመጣው ድምፅ ግን ዝቅ ያለ ነበር፤ ቬሰሊን ድምፁን ዝቅ ማድረግ እንደሚችል ያወቁት ያን ዕለት ነው።

«እንዴት ነበር?»

እማማ ዝላታ ዋሽተው ሊያናድዱት ይችሉ ነበር። ሐምራዊውን ጣሪያ እያዩ ትንሽ አሰቡ።

«ይበላል» አሉ።

ከእሳቸው አፍ ይህ ቃል ለምግብ የወጣው በጣም ጥቂት ጊዜ እንደሆነ ቬሰሊን ያውቃል፤ ለሠርጉ ድግስ እንኳ አልተሰጠም። በሩን ተደግፎ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ተሰማቸው።

«ጠዋት በስልክ ስታወራ ሰምቻለሁ» አሉ ያን ጊዜ።

«የቱን?»

«አሮጊቷ በሳፋ ትታጠብ ያልከውን።»

«ለሚትኮ እኮ ነው ያልኩት» አለ ቬሰሊን። «ሚትኮ የሚሰማው እንዲህ ሲወራ ነው።»

«እኔም ሰማሁት።»

«ይቅር ይበሉኝ።» ጀርባውን በሩ ላይ ሲያመቻች ተሰማ። «እማማ፣ አውቶቡሱን ስነዳ በየፌርማታው ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል፣ አንዱ ሰላም ይለኛል፣ አንዱ ይሰድበኛል። አሁን ጠዋት ስነሳ ትናንት እንደነበረው ነው ሁሉ ነገር። እነዚህ ሰላጣዎች ግን በየጠዋቱ ተለውጠው ነው የሚጠብቁኝ። ሳያቸው ደስ ይለኛል፣ ሌላ ምንም የለበትም።»

«እኔም በየጠዋቱ እለወጣለሁ» አሉ እማማ ዝላታ። «በየቀኑ አረጃለሁ። ገብቶ የሚያየኝ ግን የለም።»

እማማ ዝላታ የተናገሩት ከአሰቡት በላይ ስለሆነባቸው ውሃውን በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። ውሃው ቀዝቅዟል። ቧንቧውን ከፈቱት፤ የሚወርደውም ቀዝቃዛ ነው።

«በሉ እንግዲህ ይውጡና ፀጉርዎን ያድርቁ፣ ብርድ ይመታዎታል» አለ ቬሰሊን።

«አልወጣም።»

«ይቅርታ ጠይቄያለሁ እኮ።»

«ይቅርታውን ተቀብያለሁ።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

እማማ ዝላታ የመጨረሻውን ሙከራ በዝምታ ሞከሩ፤ ቬሰሊን ቡጭ የሚለውን ሰማ። «መውጣት አቅቶኝ ነው» አሉ።

ፊልካን ሊጠራ ሮጠ፤ በሯን ቢደበድብም እህቷ ከቫርና ስለ ምራቷ እያማረረች ስለነበር አልተሰማትም። ጾንካ ከሥራ የምትወጣው አመሻሽ ላይ ነው። ተመልሶ መጣና፣ የእማማ ዝላታ እርጥብ ጣት መቀርቀሪያው ላይ እያዳለጠ አልከፍት ስላለ፣ የዳቦ ቢላዋውን በበሩ ስንጥቅ አስገብቶ መቀርቀሪያውን መነቅነቅ ጀመረ። እማማ ዝላታ ከውስጥ ዙሪያቸውን ለመሸፈኛ ፈለጉ። ፎጣው በሩ አናት ላይ ተሰቅሏል፣ አይደርሱበትም። የሚደርሱበት ግድግዳው ላይ የተደገፈው ነጩ የፎም ሰሌዳ ብቻ ነበር። ሳቡትና ደረታቸው ላይ አደረጉት፤ ከዚያ ሰሌዳው ቀዳዳ በቀዳዳ መሆኑን አዩ።

«ዓይንህን ጨፍነህ ካልሆነ እንዳትገባ።»

«ጨፍኜአለሁ።»

«ኮፍያህን ወደ ታች አውርደው።»

በሩ ተከፈተና ቬሰሊን የሾፌርነት ኮፍያውን እስከ አፍንጫው ድረስ አውርዶ፣ እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ ገባ። ፎጣውን ከበሩ ላይ በዳበሳ አገኘው።

«ወደ ግራ» አሉ እማማ ዝላታ። «ትንሽ ወደ ፊት። ቁም። ወደ ግራ አልኩህ እንጂ ወደ መጸዳጃው አላልኩም።»

«እማማ፣ ለነዳጅ ሠራተኛም እንዲህ አልታዘዝኩም።»

«አንተ ነዳጅ የማይቀዳ አውቶቡስ ነበር የምትነዳው። ጎንበስ በል። አሁን ክንዴን ያዝ። እሱ የሻወር ጎማ ነው። ይኼ ክንዴ ነው።»

በፎጣው ጠቅልሎ፣ በብብታቸው ሥር ይዞ፣ ቀስ ብሎ አነሳቸው። ሰሌዳው በመካከላቸው ተጣብቆ ተሰበረ፤ ነጩ የፎም ፍርፋሪ እንደ በረዶ ሁለቱም ላይ ተበተነ። እማማ ዝላታ እግራቸው ንጣፉ ላይ ሲያርፍ ትከሻውን አጥብቀው ይዘው ቆሙ። ከዚህ በፊት እንዲህ ይዘውት አያውቁም፤ በሠርጉ ቀን እንኳ በአየር ላይ ነበር የሳሙት። «አሁን ዞር በልና ውጣ» አሉት። ዞረ፤ ሲወጣ ግንባሩ ከበሩ መቃን ጋር ተጋጨ። ኮፍያውን ግን አላነሳም።

ጾንካ ስትመጣ ሁለቱ ወጥ ቤት ተቀምጠዋል፤ ውሃ ማሞቂያው ቦይለርም እንደገና ሞቆ ተጠፍቷል። እማማ ዝላታ ፀጉራቸውን በፎጣ ጠቅልለው፣ ንጹህ ቀሚስ ለብሰው ለጠቦቱ ሽንኩርት ይከትፋሉ፤ ቬሰሊን ግንባሩ ላይ አብጦ ሥጋውን በጨው ያሻል። ጾንካ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ጠርሙሶቹን አየች፣ ሳሎኑን በበሩ አየች፣ ቴሌቪዥኑን አየች።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አዲስ ዘዴ ነው» አለ ቬሰሊን ሥጋውን ሳይለቅ። «እያንዳንዱ የራሱ ቤት ይኖረዋል።»

«የተሻለ አየር ያገኛሉ» አሉ እማማ ዝላታ።

ጾንካ ባሏን አየችው፣ እናቷን አየች። አብረው አንድ ነገር ሲሉ ሰምታቸው አታውቅም። ሄዳ መታጠቢያ ቤቱን ከፈተችና በሩ ላይ ቆመች። ባኞው ባዶ ነው፤ ተፈግፍጎ ያበራል። እዚያው ቆማ ቆየች። ከዚያ ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ለቀቀችው፣ ኮቷን ሳታወልቅ ገባች፣ መቀርቀሪያው ተዘጋ፤ ውሃ መውረድ ጀመረ።

ወጥ ቤት ያሉት ሁለቱ አዳመጡ። ባኞው ሲሞላ ይሰማል፣ ውሃው ቆመ፣ ሰው ሲገባበት ተሰማ፣ ከዚያ ምንም። ጊዜው ሄደ። እማማ ዝላታ ሽንኩርቱን ጨርሰው ነጭ ሽንኩርት ያዙ። ከውስጥ ዘፈን መሰል ነገር መጣ፣ ቃል የሌለው፣ ጾንካ ልጅ እያለች በግ ስትጠብቅ የምታንጎራጉረው ዓይነት። ቬሰሊን እጁ ሥጋው ላይ ቆመ።

«አንድ ቀን እንኳ አልተናገረችም» አለ።

«እኔም አልጠየቅኳትም» አሉ እማማ ዝላታ።

ውሃው እንደገና ወረደ። ቬሰሊን እጁን ታጠበ፣ በሱሪው አደራረቀ፣ በጠርሙሶቹ መካከል በእግሩ ጣት እየተራመደ ኮሪደሩን አቋረጠ። የቦይለሩ ማብሪያ ያለው ከመታጠቢያ ቤቱ በር ጎን፣ በውጭ በኩል ነው። ድምፅ እንዳያሰማ በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ተጫነው፤ ቀይዋ መብራት በራች። የሞቀው ውሃ ሳያልቅባት ሌላ እንዲሞቅላት ነው፤ እዚያው ቆሞ ትንሽ ጠበቀ፣ ከዚያም ወደ ሥጋው ተመለሰ።